በሎሚው ችግኝ ላይ ያለው «የወፍ ኩስ» እና ጥቁር በቢጫዋ ቢራቢሮ

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር፣ ከቀሃ በኩል ነው። የጻፉት አንዲት እናት ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ግቢያችን ውስጥ ሁለት የሎሚ ችግኝ ተክለናል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለጋው ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር አየሁና ንቄ ተውኩት። ውሎ አድሮ ኩሱ ጠፋና ወፋፍራም አረንጓዴ ትሎች ቅጠሉን ሲግጡት አገኘሁ። አማቴ ‹አባ ጨጓሬ ነው፣ ልጆቹን ይለበልባቸዋል፣ መድኃኒት ይረጭ› አሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ደግሞ አንዱን ደብቃ ማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ አኖረችው። አሁን ትሉ ደርቆ እንጨቱ ላይ ተጣብቋል። እኔ ሞቷል ብላት አለቀሰች፤ ጓደኞቿ ቢራቢሮ ይሆናል ስላሏት አሁን ‹ቢራቢሮ ሲሆን ያውቀኛል ወይ?› እያለች ትጠይቀኛለች። በግቢያችን ጥቁርና ቢጫ የሆነች ትልቅ ቢራቢሮ ትመላለሳለች። የምትጥላቸው እሷ ትሆን? ምን ትባላለች? ልርጨው ወይስ ልተወው?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ልጅዎን ያጽናኗት። የሞተ ትል ይጠቁራል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ይሸታል። በገዛ ክሩ ወገቡን አስሮ፣ ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጎ እንጨት ላይ የተጣበቀ ትል ግን ሥራ ላይ ነው። መድኃኒቱንም ይተዉት፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ። የወፍ ኩስ የመሰለው፣ አረንጓዴው ትል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ደረቅ ነገርና በግቢዎ የምትመላለሰው ቢራቢሮ አንዲት ፍጥረት ናቸው።

ፎቶ ሳያዩ እንዴት አወቁ ይሉኝ ይሆናል። የነገረኝ ሎሚው ነው። ሰው ቢራቢሮን በክንፏ ሊለያት ይሞክራል፤ እሷ ደግሞ አትረጋም፤ ዓይን ቀለሟን ሳይጠግብ አጥሩን ተሻግራ ትሄዳለች። ትሏ ግን የትም አይሄድም። በዚያ ላይ ምግብ መራጭ ነው፤ እናቱ የጣለችበት ቅጠል ወይም የዚያ ቅጠል ዘመድ ካልሆነ ተርቦ ይሞታል እንጂ ሌላ አይቀምስም። ስለዚህ ሰዎች «ይህች ምን ዓይነት ቢራቢሮ ናት?» ሲሉኝ፣ እኔም መልሼ «ምን ቅጠል ላይ አገኛችሁ?» እላቸዋለሁ።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። ከጎንደር ወደ መተማ ሲወርዱ፣ በቆላው መንገድ ዳር፣ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ጦቢያው አለ። እሱ ላይ ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ቀለበት የደረደረ፣ ጀርባው ላይ ሦስት ጥንድ ጥቁር ክር ያበቀለ ትል ቢያዩ፣ ያ ትል ሎሚ ፈጽሞ አይነካም። እሱ አድጎ ብርቱካናማ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የሆነች ቢራቢሮ ይሆናል። የተክሉን መርዝ በሰውነቷ ስለምታስቀረው አንዴ የቀመሳት ወፍ ሁለተኛ አይደፍራትም። ታዲያ የሌላ ዝርያ ሴት ቢራቢሮም፣ መርዝ ሳይኖራት፣ ልክ እሷን መስላ ትዞራለች፤ ወንዱ ግን ጥቁር ሆኖ ክንፉ ላይ ትልልቅ ነጭ ክብ ስላለው ከሷ ጋር የሚያዛምደው ሰው አይገኝም። ክንፍ ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱን ሴቶች አንድ ናቸው ይላል። ትሎቹንና ቅጠሎቻቸውን ያየ ግን አይሳሳትም።

የእርስዎ ግቢ እንግዳ በሳይንሳዊ ስሟ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ትባላለች። እኛ ሁሉንም ቢራቢሮ ብለን ስለምንጠራ፣ እኔ ለሥራ እንዲመቸኝ «የሎሚ ቢራቢሮ» እላታለሁ። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በአብዛኛው ትገኛለች፤ ቀይ ባሕርን ተሻግራ በደቡብ ዓረቢያም አለች። ስሙን የሰጣት ኤስፐር የተባለ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው፣ በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ። በዚያን ጊዜ ቢራቢሮዎችን በጥንት ግሪኮች ተረክ ሰዎች ስም መጥራት የተለመደ ነበር። ዴሞዶከስ በንጉሥ ግብር ላይ እየዘፈነ እንግዳውን የሚያስለቅስ ዓይነ ስውር አዝማሪ ነው። ለጎንደር ሰው ንጉሥ፣ ግብርና አዝማሪ ምን እንደሆኑ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ስሙን ከሰማሁ ጀምሮ ይህች ቢራቢሮ በፋሲል ግቢ አጠገብ ስታልፍ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አሁን ምልክቶቿን ያረጋግጡ። ክንፏ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ10 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከግቢዎ ቢራቢሮዎች ትልቋ እሷ ሳትሆን አትቀርም። መደቧ ጥቁር ነው፤ በላዩ ላይ ፈዛዛ ቢጫ ነጠብጣብ፣ በኋላ ክንፏ ላይ ደግሞ ነጠብጣቡ ተጋጥሞ እንደ ሰፊ ጥለት ያቋርጣታል። ቁርጡን የሚነግርዎት የኋላ ክንፏ ውስጠኛ ጥግ ነው። ከሆዷ ጫፍ አጠገብ፣ ግራና ቀኝ፣ ቀይ ክብ አለ፤ በላዩ እንደ ቅንድብ ሰማያዊ ተስሎበታል። በዚያው ክንፍ የላይ ጠርዝ ላይም ሌላ ዓይን መሳይ ክብ አለ። ከቤተሰቧ ብዙዎቹ በኋላ ክንፋቸው ላይ እንደ ጅራት የረዘመ ነገር አላቸው፤ እሷ የላትም። ጅራት ያላትና ፈዛዛ ቢጫ የሆነች ካዩ የዛፍ ጥላ የምትወደው ዘመዷ ናት። የዚያችኛዋ ነገር ራሱን የቻለ ወግ ነው፤ በሌላው አፍሪካ ሴቶቹ ጅራታቸውን ጥለው መርዛማ ቢራቢሮዎችን ሲመስሉ፣ የኢትዮጵያዎቹ ሴቶች ግን በአብዛኛው እንደ ወንዶቹ ባለ ጅራት ሆነው ቀርተዋል።

ከሩቅም የምትለይበት ነገር አለ። አበባ ላይ ስትቀመጥ ክንፏን አታሳርፍም። የወፍ ቆሎ አበባ ላይ እግሯን ብቻ አስደግፋ፣ እየተርገበገበች ወለላውን ትመጥጥና ትሄዳለች። ከዝናብ በኋላ በረጠበ ጭቃ ዳር ተሰብስበው ውኃ የሚመጥጡ ካዩ በአብዛኛው ወንዶቹ ናቸው፤ የሚፈልጉት በጭቃው ውስጥ ያለውን ጨው ነው።

ሴቷ ሎሚ ላይ ስትጥል ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን የሚያስቆጭ አይደለም። ቁስቋም አቅራቢያ በተከራየሁት ግቢ አንድ የመስከረም ረፋድ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገርዎት። መጀመሪያ ቅጠሉን ሁሉ የምትደባብስ ነው የምትመስለው። አረፈች፣ በፊት እግሮቿ ቅጠሉን ቶሎ ቶሎ መታ መታ አደረገችና ተነሣች። ጌሾው ላይ አረፈች፣ መታ መታ አደረገች፣ ተወችው። ሎሚው ላይ ስትደርስ ግን ቆየች። ቢራቢሮ የምትቀምሰው በእግሯ ነው፤ ያ መታ መታ ማለቷ የቅጠሉን ጭማቂ ለመቅመስ ነው። ሎሚ መሆኑን ስታረጋግጥ የሆዷን ጫፍ አጠፍ አድርጋ ለጋው ቀንበጥ ላይ አንዲት እንቁላል ጣለች። አንዲት ብቻ። ከዚያ ተነሥታ ሌላ ቀንበጥ ፈለገች። እንደ ሌሎች ነፍሳት በአንድ ቦታ አትከምርም፤ የእርስዎ ትሎች ተበታትነው የተገኙትም ለዚህ ነው። እንቁላሏ ክብ፣ ፈዛዛ ቢጫ፣ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ናት። ሊፈለፈል ሲቃረብ ትጠቁራለች።

በሞቃት አገር እንቁላሉ በአምስት በስድስት ቀን ይፈለፈላል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምነግርዎት የቀን ቁጥር ሁሉ በእኛ ዘንድ ወደ ላይ ሊጨምር ይችላል። ነፍሳት የራሳቸው ሙቀት ስለሌላቸው የሚቆጥሩት ሙቀትን እንጂ ቀንን አይደለም።

የተፈለፈለው ትል የመጀመሪያ ምግቡ የወጣበት ቅርፊት ነው። ከዚያ ወደ ቅጠሉ ይዞራል። እርስዎ «የወፍ ኩስ» ያሉት ይህን ነው፤ አይተው ማለፍዎ አያስወቅስም፤ የተሠራው እንዲታለፍ ነውና። ጥቁር ቡናማ ሆኖ መሐል ጀርባው ላይ ነጭ ጣል ይላል፤ ቆዳው ደግሞ እርጥብ የሆነ ያህል ያብረቀርቃል። ደረቅ ኩስ ሳይሆን ትኩስ ኩስ ነው የሚመስለው። በዚያ ላይ ቅጠሉ ፊት ላይ፣ በግልጽ፣ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። የሚደበቅ ትል ከቅጠሉ ሥር ይገባ ነበር፤ ይህኛው ግን ወፍ የራሷን ኩስ እንደማትበላ የተማመነ ነው። በማጉያ መነጽር ሲያዩት ብቻ ነው ትንንሽ እሾህ መሳይ ጉብታዎቹና ትንሿ ጭንቅላቱ የሚታዩት። ልጅዎ ማጉያ መነጽር ብታገኝ፣ ከሁሉ አስቀድማ ይህን እንድታይ እመኛለሁ።

ትሉ ቆዳው አብሮት አያድግም። ሲጠበው ያወልቀዋል። እስከ መጨረሻው አራት ጊዜ ያወልቃል፤ ማለትም አምስት ዕድሜ አለው። አራቱ ዕድሜ የወፍ ኩስ መስሎ ያልፋል፤ በአምስተኛው ግን ድንገት አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። «ኩሱ ጠፍቶ ትል መጣ» ያሉኝ ይህችን ሌሊት ነው። ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አሁን ወደ አምስት ሳንቲ ሜትር ደርሷል፤ ይህን የሚያህል የወፍ ኩስ ማንንም አያታልልም። ስለዚህ ስልቱን ለውጦ ቅጠል ይመስላል። ጎኑ ላይ በሰያፍ የወረደው ቡናማና ነጭ ቅብ የቅጠል ጥላ ያስመስለዋል። ከፊት ያበጠው ክፍሉ ላይ ያለው ዓይን የመሰለ ምልክት የውሸት ነው፤ እውነተኛው ጭንቅላት ከሥሩ ያለች ትንሽ ነገር ናት። እግሮቹንም ይቁጠሯቸው፦ እውነተኞቹ ከፊት ያሉት ስድስቱ ብቻ ናቸው፤ ከኋላ ያሉት አሥሩ ወፋፍራሞች እንደ መንጠቆ የሚይዙ ሥጋዎች ናቸው፣ ቢራቢሮዋ ላይ አይቀሩም።

አማትዎ ስላሉት። አባ ጨጓሬን መፍራታቸው ትክክል ነው፤ ጸጉራሙ ትል ቆዳን ይለበልባል፣ ዓይን ላይ ከገባ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ልጆች ጸጉር ያለውን ትል እንዳይነኩ የሚለውን ምክር አጥብቀው ይያዙት። የሎሚው ትል ግን ጸጉር የለውም፣ አይናከስም፣ አይለበልብም። ያለው መሣሪያ ሌላ ነው። ጀርባውን በቀስታ ጫን ሲያደርጉት ከጭንቅላቱ ኋላ እንደ እባብ ምላስ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ብርቱካናማ ቀንድ ብቅ ያደርግና መልሶ ይከተዋል። ቀንዱ ሲወጣ ሽታ ይለቃል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸተትኩት ቀን ትሉ እጄ ላይ ነበር፤ የበሰበሰ ሎሚና የቆየ ቅቤ የተቀላቀለ ያህል ሸተተኝ፣ ጣቴ ላይም እጄን ከታጠብኩ በኋላ ጥቂት ቆየ። በዚህ ቤተሰብ ትልልቅ ትሎች ሽታ ውስጥ ያለው አሲድ በእርግጥም ከቆየ ቅቤ ሽታ ጋር የተዛመደ ነው። ጉንዳንን ያባርራል፤ ሰውን ከማስደንገጥ አልፎ የሚጎዳው ነገር የለም። አማትዎ ቀንዱን ቢያዩት ግን የበለጠ እንዳይፈሩ ቀድመው ቢነግሯቸው ይሻላል።

ይህ ትል ከሎሚ ሌላ ምን ይበላል? ብርቱካን፣ መንደሪንና ትርንጎ። በዱር ደግሞ መፋቂያ የምንቆርጥለት ልምጭ ከሎሚ ቤተሰብ ነው፤ ሰው ሎሚ ከመትከሉ በፊት ከሚያሳድጓት እንጨቶች አንዱ እሱ ነበር። ጤና አዳምም የዚሁ ቤተሰብ አባል ናት፤ ቅጠሏን ሲያሹት የሚወጣው ኃይለኛ ሽታ ዝምድናውን ይናገራል። ስለዚህ ጤና አዳም ያለበት ግቢ እሷንም ገልጦ ማየት ነው። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ አካባቢ እንስላል የሚበሉ የዚሁ ዝርያ ትሎች አሉ፤ የሚገርመው የእነሱ ቅብ ከሎሚዎቹ ተለይቶ የተሰነጣጠቀውን የእንስላል ቅጠል ይመስላል።

ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። ትሉ በልቶ ሲጨርስ፣ ከተፈለፈለ ሦስት አራት ሳምንት ገደማ፣ መብላት ያቆማል። በሆዱ የቀረውን ሁሉ እርጥብ አድርጎ ያስወጣል፣ ከዚያም ይንከራተታል። ልጅዎ ያን ቀን ጠርሙሱን ሲዞር አይታው ይሆናል። ቦታ ሲመርጥ ከአፉ ሐር አውጥቶ እንጨቱ ላይ ትንሽ ምንጣፍ ይሠራል፣ የጅራቱን ጫፍ እዚያ ይሰካል፤ ቀጥሎ ራሱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ወገቡን የሚይዝ ክር ይፈትላል። አየር ላይ ተደግፎ የሚሠራ የምሰሶ ሠራተኛ ገመዱን ወገቡ ላይ እንደሚያስረው ማለት ነው። አንድ ቀን ያህል ጎብጦ ይቆያል። ከዚያ የመጨረሻውን ቆዳ ያወልቃል፤ ከውስጥ የሚወጣው ግን ትል ሳይሆን ፑፓ ነው፤ ፑፓ ማለት ትሉ ሳይበላና ሳይሄድ ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበት ደረጃ ነው። የእናንተ ቡናማ የሆነው ደርቆ አይደለም። አረንጓዴ ቅጠልና ቀንበጥ ላይ የተንጠለጠለ ፑፓ አረንጓዴ ይሆናል፣ ደረቅ እንጨት ላይ ያለው ቡናማ። ልጅዎ ደረቅ እንጨት ስለሰጠችው እሱም ደረቅ እንጨት መስሏል።

ውስጡ ምን እየሆነ ነው? ብዙዎች ትሉ ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ እንደ አጥሚት ሆኖ ከዚያ አዲስ ፍጥረት የሚሠራ ይመስላቸዋል። ከፊሉ እውነት ነው፤ የትሉ ጡንቻዎችና የማኘኪያ አካላቱ ብዙው ይፈርሳል። ነገር ግን የክንፉ ዘር ከዚያ በፊት ነበር። አረንጓዴው ትል ሎሚውን እየጋጠ ሳለ እንኳ ከቆዳው ሥር ክንፍ፣ አንቴናና ረጅም እግር የሚሆኑ ትንንሽ የታጠፉ የሕዋስ ክምችቶች ተቀምጠዋል። ፑፓው ውስጥ ሲገባ የፈረሰው አካል ለእነሱ ቀለብ ይሆናል። የአየር ቧንቧዎቹም ሆኑ ነርቮቹ ጨርሰው አይጠፉም፤ ይታደሳሉ፣ ይዘረጋሉ። ቤቱ ፈርሶ አይደለም፤ ሰው እየኖረበት የሚታደስ ቤት ነው።

በሞቃት ወቅት ይህ ሁሉ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ የተጀመረ ፑፓ ግን ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ለጋ ቅጠል በሌለበት ጊዜ መውጣት ለልጆቿ ረሃብ ነውና። ስለዚህ ቢዘገይም አይጣሉት። በሕይወት መኖሩን ማወቅ ከፈለጉ በላባ ጫፍ ነካ ያድርጉት፤ ሆዱን ውዝውዝ ካደረገ አለ። ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ቆዳው እየሳሳ ይሄድና የክንፉ ጥቁርና ቢጫ በውስጡ ይታያል። ያን ዕለት ልጅዎን ከጠርሙሱ አትለዩአት።

አንዳንዱ ፑፓ ቢራቢሮ አይሰጥም። ትንንሽ ተርቦች አዲስ የተሠራ፣ ቆዳው ያልጠነከረ ፑፓ ፈልገው እንቁላላቸውን ውስጡ ይጥላሉ፤ ልጆቻቸው ከውስጥ በልተውት በክብ ቀዳዳ ይወጣሉ። ይህ ከደረሰ ለልጅዎ አይደብቁባት። የሎሚዎን ትል ብዛት በልክ የሚይዙት ከእነዚህ ተርቦች፣ ከወፎችና ከሸረሪቶች በላይ ማንም የለም። ከመቶ እንቁላል ለክንፍ የሚበቃው ጥቂቱ ነው።

መድኃኒቱን ይተዉ ያልኩት በአንድ በኩል ለዚህ ነው፤ ርጭቱ ትሉን ገድሎ ተርቡንም፣ ንቡንም ይገድላል፣ ትሉ ግን ከተርቡ ቀድሞ ይመለሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ጎንደር ውስጥ ጤና አዳም ከቡና ስኒ ውስጥ የምትገባ ቅጠል ናት። ሎሚው አጠገብ ካለች የረጩት ነገር ማታ ስኒዎ ውስጥ ነው። ቢራቢሮዋ ራሷ ቅጠል አትበላም፤ አፏ እንደ ሽቦ የተጠቀለለ መምጠጫ ነው፣ የአበባ ወለላ ብቻ ትመጥጣለች፤ ስለዚህ እሷን ማባረር ለሎሚው የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ችግኝዎን ግን ዝም ብለው ያስበሉ አልልም። ያደገ የሎሚ ዛፍ አሥር ሃያ ትል ቢበላው ምንም አይሆንም። ከጉልበት በታች ያለ ችግኝ ግን ሦስት ትልልቅ ትሎች በጥቂት ቀን ውስጥ ባዶ እንጨት ሊያደርጉት ይችላሉ፤ አረንጓዴው ትል ከሚበላው ብዙውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። መድኃኒቱ እጅዎ ነው። በለጋ ቅጠል ወቅት፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት፣ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ጠዋት ቡና ሲፈላ ችግኞቹን ይዩ። እንቁላሉንና ኩስ መሳዩን በትንሽነቱ ይልቀሙ። ጎረቤት ትልቅ ሎሚ ወይም ብርቱካን ካለ ትሎቹን እዚያ ያሸጋግሯቸው፤ ቅጠሉ ያው ስለሆነ ይለምዳሉ። ከሁለቱ ችግኝ አንዱን ለእነሱ መተውም ይቻላል፤ ያ የእርስዎ ውሳኔ ነው።

ስለ ጠርሙሱ የምለው ከደረሰብኝ ነው። ልጅ ሳለሁ በመጀመሪያ ያሳደግኳት ቢራቢሮ ለስላሳ ብርጭቆ ውስጥ ወጣች። ክንፏ ገና እርጥብና የተጨማደደ ነበር፤ የምትንጠለጠልበት ነገር አጥታ ደጋግማ ወደቀች። ቢራቢሮ ከፑፓው ስትወጣ የሆዷን ፈሳሽ ወደ ክንፎቿ ሥሮች እየገፋች ክንፏን የምትዘረጋው ወደ ታች ተንጠልጥላ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ካልተዘረጋ እንዲያው ይደርቃል። የኔዋ ክንፏ ተጨማዶ ደረቀ። እስከ ማታ በእግሯ ስትሄድ አየኋት። ስለዚህ የጠርሙሱን ክዳን ያንሡና አፉን በስስ ጨርቅ ይሰሩት፣ ከፀሐይ ያርቁት። ፑፓው ከእንጨቱ ከተላቀቀ በጥንቃቄ አንሥተው ጨርቅ ላይ፣ ወደ ላይ የምትወጣበት ሻካራ እንጨት ወይም ሌላ ጨርቅ አጠገብ ያኑሩት። ስትወጣ ድፍርስ ፈሳሽ ታፈስሳለች፤ ደም አይደለም፣ ፑፓ ሳለች ያጠራቀመችው እዳሪ ነው። አይንኳት። ክንፏ ላይ ያለው ዱቄት የመሰለ ነገር ሁሉ እያንዳንዱ ትንሽ ቅርፊት ነው፤ ቀለሟ ያ ነው፣ ከረገፈ አይተካም።

የቀረኝ የልጅዎ ጥያቄ ነው፤ ከሁሉ የወደድኩትም እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ዋሽንግተን፣ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጠይቀው ነበር። የትምባሆ ቅጠል የሚበላ የእሳት እራት ትሎች ወስደው፣ አንድን ሽታ ባሸተቱ ቁጥር ቀለል ያለ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሰጧቸው። ትሎቹ ሽታውን መሸሽ ለመዱ። ከዚያ ፑፓ ሆኑ፣ ክንፍ አበቀሉ። በመጨረሻው የትል ዕድሜያቸው የተማሩት ባለ ክንፍ ከሆኑ በኋላም ያንኑ ሽታ ሸሹ፤ ከዚያ ቀድመው በልጅነታቸው የተማሩት ግን አልሸሹም። ይህ የእሳት እራት እንጂ የሎሚዋ ቢራቢሮ አይደለም፤ የተማሩትም ሽታ እንጂ ፊት አይደለም። ስለዚህ ለልጅዎ «ፊትሽን ታውቀዋለች» አልላትም። ነገር ግን ትሉን የወሰደችው አረንጓዴ ከሆነ በኋላ፣ በመጨረሻው ዕድሜው ነው፤ እና በየቀኑ ትኩስ የሎሚ ቅጠል የምታገባለት እጅ እሷ ነበረች።

ቀኑ ሲደርስ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ እንጨቱን እንዳለ አውጥታ ሎሚው ሥር ትትከለው። ቢራቢሮዋ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ሞቆ እስኪበቃት አትነሣም። ልጅዎ አጠገቧ መቀመጥ ትችላለች።